የትርንጎ ሞክሼዎች

ሌባው ካሜራውን አልነካም። ቴሌቪዥኑንም፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የእጅ ሰዓትም አላየሁም ብሎ አልፏል። የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሃርድ ዲስኩን።

አወሳሰዱም ለጉድ ነው። የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈትቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። አራቱን ብሎኖች በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ ደርድሯቸዋል። አንዱ እንኳ አልተንከባለለም። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም።

የቤቱ ባለቤት ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ባዶውን ኮምፒውተር ያያሉ። አርባ ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ሊፍት» ይላቸዋል፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ካለ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው።

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ጉዳዩን ለሳጅኗ ሲሰጣት ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«ይኼ ያንቺ ነው» አላት።

«ለምን የኔ ሆነ?»

«በስምሽ!»

ጣቢያው በሳቅ ተንጫጫ። ሳጅኗ ስሟ ትርንጎ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ በዚህ ስም መጠራት ቀላል አልሆነላትም። ጋሽ ሊፍት ሚስታቸው በሞቱ በሁለተኛው ወር ካሜራ አንግበው ወጡና፣ ትርንጎ የሚባሉ ሴቶችን እያፈላለጉ መቅረጽ ጀመሩ። አንዷ ብረት በያጅ ናት። አንዷ አዋላጅ ናት። አንዷ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ታናሽ ወንድሜን መቆጣት» ብላለች። እያንዳንዷ በሥራዋ ላይ ሆና ሁለት ደቂቃ ታወራለች፤ በቃ። የቻናሉ ስም «የትርንጎ ሞክሼዎች» ነው። ከመሬት ተነስቶ ግማሽ ሚሊዮን ተከታይ አፈራ። አሮጌ ተብሎ የተጣለው ስም ለአራስ ሕፃናት መውጣት ጀመረ። ሳጅኗም እሁድ እሁድ የማንም ስልክ አፍንጫዋ ሥር እየተደቀነ «ሞክሼሽ ወጣች!» መባል ሰለቻት።

ሠላሳ ዘጠነኛው ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ጋሽ ሊፍት አንድ ነገር ተናግረው ነበር። «የሚቀጥለው እሁድ ቁጥር አርባ ነው። የራሴ ትርንጎ ናት።» ሕዝቡ ቀን ይቆጥር ጀመር።

ቁጥር አርባ ያለው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ሳጅኗ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰች። ሽማግሌው ደረቷ ላይ የተሰካውን የስም ባጅ አነበቡና ፊታቸው ትንሽ ፈካ አለ።

«በስንት አገር ስዞር፣ አንቺ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ኖረሻል!»

«አለመገኘት ሥራዬ ነው ጋሼ» አለች። «ዲስኩ ውስጥ ምን ነበር?»

«ሁሉም። ሠላሳ ዘጠኙ ቢጠፉም ኢንተርኔት ላይ አሉ። አርባኛዋ ግን...»

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«የካሜራውን ካርድ አጥፍቼ በላዩ ሌላ ቀረጽኩበት።» ኮፍያቸውን አሁን ገና አወለቁ። «አየሽ ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ገመድ በተንጠለጠለ ሊፍት ሰው አሳፍሬ አላውቅም። ገመድ ቢበጠስ ሌላ አለ፤ እሱም ቢበጠስ ሌላ አለ። የሚስቴን ድምፅ ግን በአንድ ክር አንጠለጠልኩት።»

«ድምፃቸው ሌላ ቦታ የለም?»

«የት ይገኛል? ስልክ እንኳ "እህ? እሺ።" ብላ ነው የምትዘጋው። ወሬዋን ሁሉ ለቤት ነበር የምታስቀምጠው።»

ሳጅኗ ጻፈች። ከቤት የወጡት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የተመለሱት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የጓሮው በር አይቆለፍም።

«ለምን አይቆለፍም?»

«ምን አለኝና?» አሉ፤ ወዲያው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቤተሰብ?»

«አንድ ልጅ አለችኝ። የመነጽር ሱቅ አላት። ደውዬ ነገርኳት፤ ዝም አለችኝ። ደንግጣ ነው መሰለኝ።»

«የሚጠላዎት ሰውስ?»

«የሚጠላኝ የለም። የዛቱብኝ ሁለት ሰዎች አሉ።»

ሳጅኗ ቤቱን ዞራ አየች። ኮሪደሩ ላይ የመብራት ቆጣሪው አለ። አጠገቡ ምስማር ላይ ቀይ ካርቶን ተሰቅሏል፤ «ሰው እየሠራ ነው፤ አትንኩ» ይላል። የድሮ ሥራ ማስታወሻ ይሆናል ብላ አለፈችው። ወጥ ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ ሰዓት ያለው ራዲዮ ተቀምጧል። ቁጥሮቹ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ።

5:10 ይላል። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ አሥር ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ራዲዮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«በፍጹም! በደቂቃ አይዛነፍም፤ እኔ ነኝ የምሞላው።» መጥተው ከጎኗ ቆሙ። «መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ብቻ ነው ከዜሮ ጀምሮ...»

የሚበራ የሚጠፋውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ አዩ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር ማለት ነው» አሉ በቀስታ። «ይጠፋል እኮ፣ አንዳንዴ።»

ሳጅኗ በልቧ አሰላች። ራዲዮው ከዜሮ የጀመረው ከአምስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በፊት ነው። መብራቱ የተመለሰው ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው መሆኑ ነው።

ስትወጣ የጎረቤቱን በር አንኳኳች። አንዲት ሴት እጇ በሳሙና እንደ ራሰ ከፈተችላት።

«ዛሬ ረፋድ ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ አልጠፋም! ልብስ ማጠቢያዬ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ሲያጉረመርም ነው የዋለው። ምነው?»

ሳጅኗ አመስግና ሄደች። መብራቱ የጠፋው በአንድ ቤት ብቻ ነው። ያጠፋው ደግሞ ሰው ነው። ሽማግሌውም ዋሽተዋታል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሰፈሩ «ቅጂው» የሚለው ሰው ነበር። ጋሽ ሊፍትን አይቶ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ወንዶችን መቅረጽ የጀመረ፣ አልሳካ ሲለው ደግሞ ቻናልዎን ይሽጡልኝ ብሎ የለመነ፣ እምቢ ሲሉት «ያዩታል!» ብሎ የወጣ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በአራት አምፖል ተከቦ አገኘችው። ላብ በላብ ሆኗል።

«ዛሬ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፤ ቀጥታ ስርጭት ላይ።»

«ማን አየህ?»

«አሥራ አንድ ሰው።» አፈር ብሎ አንገቱን ደፋ። «ሰባቱ አክስቶቼ ናቸው።»

ቀረጻውን አሳያት። ከአራት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ሳያቋርጥ ሲለፈልፍ ውሏል። ከወንበሩ የተነሳው አንዴ ብቻ ነው፤ አምፖል ፈንድቶበት።

«ያዩታል ማለትህስ?»

«ተናድጄ ነዋ! እኔ ራሴ እኮ ቁጥር አርባን እየጠበቅኩ ነው።» ድምፁ ሰለለ። «ሌባውን ስታገኚው ቪዲዮውን እንዳያጠፋው ንገሪልኝ።»

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ በቪዲዮዎቹ ውስጥ ቁጥር አሥራ ሰባት የሆነችው ትርንጎ ነበረች። ዳቦ ጋጋሪ ሳለች በቪዲዮው ላይ የአሠሪዋ ዳቦ ከሚዛን እንደሚጎድል ሳታስበው አመለጣት። በማግስቱ ከሥራ ተባረረች። በጋሽ ሊፍት በር ላይ ቆማ «ኮምፒውተርህን ካልሰበርኩልህ!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል። አሁን መኪና ማቆሚያ ትጠብቃለች። ሳጅኗን ከሩቅ አየቻት፤ ቀረብ ስትል ባጇን አነበበች።

«ሞክሼ!» ብላ እላይዋ ላይ ተጠመጠመች። ሳጅኗን ተጠርጣሪ ሲያቅፋት በሃያ ዓመት ሥራዋ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሰብራለሁ ብለሽ ዝተሻል?»

«ዝቻለሁ! ብሰብር ደግሞ በመዶሻ ነው። ማን ቁጭ ብሎ ብሎን ይፈታል?»

«ብሎን መፈታቱን ማን ነገረሽ?»

«ሰፈሩ! የብሎኑ ወሬ እኮ ካንቺ ቀድሞ ነው የደረሰኝ።» የትኬት ጉራጆቿን አወጣች። ሰዓቱን በእጇ ነው የምትጽፈው። አራት ከአርባ አምስት፣ አራት ከአርባ ስምንት፣ አራት ከሃምሳ ሁለት። ከዚህ እስከ ጋሽ ሊፍት ቤት በመኪና እንኳ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

«አሁንም ተቀይመሻቸዋል?»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። «ሳምንት ተቀየምኩ። ከዚያ የማላውቀው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ በስሜ እየጠራ ሰላም ይለኝ ጀመር። ዕድሜ ልኬን "አንቺ ጋጋሪ" ስባል ነው የኖርኩት። በምን አንጀቴ ልቀየም?»

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሊፍት ጣቢያ መጡ። ኮታቸውን አዛንፈው ቆልፈዋል።

«ክሱን አንሺልኝ ልጄ።»

«ዲስኩ ተገኘ እንዴ?»

«አልተገኘም።»

«ታዲያስ?»

«ጠፋ ብዬ ልተወው። ሰው እንኳ ጠፍቶ ይቀራል።»

«ትናንት ድምፅዋን በአንድ ክር አንጠለጠልኩት ሲሉኝ አልነበረም?»

«ብያለሁ።» ዓይኗን ሸሹ። «ክሩ ተበጠሰ በያ። በቃ።»

ሳጅኗ ፈርመው እንዲሄዱ ወረቀት አልሰጠቻቸውም። ደጅ ድረስ ሸኝታቸው ስትመለስ አንድ ነገር ገባት። የሚስቱን ድምፅ የሚተው ሰው፣ ከዚያ ይበልጥ የሚሳሳለትን ሰው ሊሸሽግ ነው።

የመነጽር ሱቁ ትንሽ ነው። ግድግዳው ሁሉ ፍሬም ነው፤ ሰው የሌለበት መቶ ፊት የሚያይህ ይመስላል። የጋሽ ሊፍት ልጅ ጓዳው ውስጥ፣ የመነጽር መስተዋት የሚሞርደው ማሽን አጠገብ ቆማለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ፊቷ እንቅልፍ ያላገኘ ፊት ነው።

«ስለ አባቴ ነው?»

«ስለ ሌባው ነው» አለች ሳጅኗ። «ሥራሽን አላስፈታሽም፤ ቀጥይ።»

ልጅቷ አንድ መስተዋት አስገባች። ማሽኑ ጮኸ፤ ወዲያው አንድ ነገር ቀርጥፎ ቆመ። «ኤዲያ!» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ሶኬቱን ነቅሎ ይገላገል ነበር። እሷ ግን ወደ ግድግዳው ሄደች። ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው፤ የሱቁ መብራት ሁሉ ጠፋ። ከምስማር ላይ ቀይ ካርቶን አንስታ ማጥፊያው ላይ ሰቀለች። ከዚያ በኋላ ነው ብሎን መፍቻዋን ያነሳችው። የፈታቻቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው።

ሳጅኗ ካርቶኑን ቀረብ ብላ አነበበችው። «ሰው እየሠራ ነው፤ አትንኩ» ይላል።

«ማን አስተማረሽ ይኼን?»

«አባቴ ነዋ። እኛ ቤት ዋናው ሳይጠፋ፣ ካርዱ ሳይሰቀል አምፖል እንኳ አይቀየርም። እማዬ "በዚህ ቤት ጨለማ የሚበዛው በጥንቃቄ ብዛት ነው" ትል ነበር።» ፈገግ አለች።

«ኮምፒውተር ለመፍታትም ዋናውን ታጠፊያለሽ?»

ፈገግታው ጠፋ። ብሎን መፍቻው እጇ ላይ ቀረ።

«ትናንት ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ መልሰሽ አብርተሽዋል» አለች ሳጅኗ። «ካርዱንም ምስማሩ ላይ መልሰሽዋል። ራዲዮውን ግን ረሳሽው።»

ልጅቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«አባቴ ያውቃል?»

«ራዲዮውን ሳሳያቸው አወቁ። ዛሬ ጠዋት መጥተው ክሱን አንሺልኝ አሉ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አላወጣችም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። መሳቢያ ከፍታ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«አላጠፋሁትም። አላየሁትም። እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?»

«ለምን ወሰድሽው?»

«እማዬ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆና ነበር» አለች፤ የሰው እጅ የማያክል ክንድ በጣቶቿ አሳየች። «መስተዋቱን ከክፍሌ አውጡልኝ አለችን፤ አወጣን። አንድ ቀን አባዬ ካሜራ ይዞ ገባና በሩን ዘጋ። ሲወጣ እጄን ይዛ "እንዲህ ሆኜ ሰው እንዳያየኝ፤ አደራሽን" አለችኝ። ማልኩላት።»

«ለአባትሽ ለምን አልነገርሽም?»

«ምን ብዬ? "አንተን ደስ ይበልህ ብላ ነው እንጂ ካሜራህ ፊት አፍራ ነው የተቀመጠችው" ልበለው? ይሞትብኛል። አይውጣ ብዬ ለመንኩት፤ "ታያለሽ፣ ትወጃታለሽ" አለኝ። እሁድ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ሊያያት ነው። ሌላ መንገድ ጠፋኝ።»

ሳጅኗ ካቴና አላወጣችም። «ተነሺ» አለቻት። «ለኔ የነገርሽኝን ለእሳቸው ትነግሪያለሽ።»

ጋሽ ሊፍት በሩን ሲከፍቱ ሁለቱንም አዩ፤ ከዚያ ጨርቁን አዩ። ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ዲስኩን ዘረጋችላቸው።

«ሌባዋ እኔ ነኝ አባዬ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ማን ዋናውን አጥፍቶ ይሰርቀኛል?» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ለምን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ምን በደልኳት እያልኩ።»

ነገረቻቸው። የእናቷን አደራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እያቋረጠች ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

«አንቺንም አደራ አለችሽ?» አሉ።

«እኔንም ማለት?»

ሽማግሌው ተነሱ። ኮሪደሩ ላይ ሄደው ዋናውን አጠፉ፤ ካርዱን ሰቀሉ። ዲስኩን በቦታው መለሱ፤ አራቱን ብሎኖች አጠበቁ። መብራቱ ተመለሰ። ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ። ሳጅኗ በሩ ላይ ቆመች።

ስክሪኑ ላይ የታዩት ጋሽ ሊፍት ራሳቸው ናቸው። አንድ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ካሜራውን የያዘው ሰው እጅ ደካማ ነው። ከካሜራው ኋላ የሴት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ግን ተረበኛ ድምፅ።

«አትነቃነቅ! አርባ ዓመት በገመድ ተንጠልጥለህ ያልፈራህ ሰውዬ፣ ካሜራ ትፈራለህ?»

«እኔን ሳይሆን አንቺን ልቀርጽ ነበር እኮ የመጣሁት።»

«እንዲህ ሆኜ ሰው አያየኝም ብያለሁ። እኔ ልቅረጽህ፤ አንተ መልስ። ስምህ ማነው?»

«አታውቂውም?»

«ለሕዝብ ነው የምጠይቅህ።»

«የትርንጎ ባል።»

ሳቁ ተሰማ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ምስሉ ወደ ጣሪያ ሄዶ ተመለሰ።

«ከኔ በኋላ ምን ልትሠራ ነው?»

በስክሪኑ ላይ ያሉት ሰው እጆቻቸውን አዩ። «አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ቁጭ ብለህ ግድግዳ ልታይ ነው። በቀን መቶ ጊዜ ነው የምትጠራኝ። ትርንጎ መነጽሬ፣ ትርንጎ ካልሲዬ። አፍህ ለምዶታል። ነገ ስትጠራኝ ማን አቤት ሊልህ ነው?» እስትንፋሷን ሰበሰበች። «ሞክሼዎቼን ፈልግ። የትም አይጠፉም፤ ሥራ ላይ ናቸው። ስማቸውን ጥራና አቤት ይበሉህ። ስሜ አፍህ ውስጥ አይድረቅ።»

«ሌላ ሰው አቤት ቢለኝ ምን ያደርግልኛል?»

«ከግድግዳው ይሻልሃል። በል አሁን አንዴ ጥራኝ።»

«ትርንጎ።»

«አቤት» አለች። ምስሉ እዚያ ላይ አለቀ።

ልጅቷ የአባቷን ክንድ ይዛ ፊቷን ኮታቸው ላይ ቀብራለች። ሁለት ሰዎች አንድ አደራ ይዘው፣ አንዱ ከሌላው ሲሸሸጉ ከርመዋል።

«ፊቷ የለበትም» አለች በመጨረሻ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ራስሽ ሰምተሽ እንድትስቂ ነበር ያሰብኩት። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሳጅኗ ማስታወሻዋን ከፍታ «ንብረቱ በቤተሰብ እጅ ተገኝቷል፤ ክስ የለም» ብላ ጻፈች። በእጇ ብቻ ተሰናበተች።

«ይውጣ ወይስ ይቅር?» ሲሉ ሰማቻቸው ሽማግሌው። «አንቺ ያልሽው ይሆናል። ሕዝቡ ቢቆጣ ይቆጣ።»

ልጅቷ እንባዋን በመነጽር ጨርቁ ጠረገች።

«ይውጣ። ይህን ያህል ሰው አቤት ያለህ በሷ ነው፤ ይወቋት። እሁድ ግን አይሆንም፤ አንድ ወር ይጠብቁ።»

«ምነው?»

«መጀመሪያ እኔ ልጥገባት።»

ጋሽ ሊፍት እጃቸውን ዘርግተው ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመሩላት።